ሳትሞት የደረሱባት ጅግራ፦ ከጣና ዳር አንድ የጉዳይ ጥናት

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ የጣና ዳር ቀበሌ፣ አንድ ቤተሰብ ሦስት ጅግራ አርዶ ለበዓል ወጥ ሠራ። ከቤቱ ሰዎች አራቱ ታመሙ። ወጡን ጠግበው የበሉት አባወራው፣ እናትየው፣ ትልቁ ልጅና ሁለት እንግዶች ግን ምንም አልሆኑም። ከታመሙት መካከል የአራት ዓመቷ ልጅ ወጥ የሚባል በአፏ አልዞረም።

በአካባቢው ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዶልኛል፤ የሰዎቹንም የቀበሌውንም ስም ትቻለሁ።

ቦታውና ልማዱ

ከታኅሣሥ ጀምሮ የጣና ውሃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ውሃው የለቀቀው እርጥብ መሬት ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ፓምፕ ያለው ሽንኩርት ያለማበታል። ወፉ ሁሉ የሚሰበሰበውም በዚሁ ወቅት ነው። ጅግራና ቆቅ ጠዋትና ማታ ከቁጥቋጦው ወጥተው ውሃ ይጠጣሉ። በዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ዳክዬው፣ ዝይውና ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የመጡት ስደተኛ አእዋፍ ይውላሉ። የአንዱ ኩስ የሚያርፍበትን ውሃ ሌላው ይጠጣዋል። ጅግራ ከአገር ባትወጣም ከሩቅ አገር የመጣ በሽታ ሊያገኛት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በእኛ አካባቢ ዳክዬና ዝይ አብዛኛው ሰው አይበላም። ጅግራና ቆቅ ግን ይበላሉ። በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ የጅግራ ሥጋ ቤት ከገባ ነገሩ ለጎረቤት አይነገርም። ይህ ዝምታ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎናል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የበክት ነገር ነው። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም። ይህ ሥርዓት ስንቱን ቤት ከበሽታ እንደጠበቀ ማን ቆጥሮት? ሞታ የተገኘች ወፍ በበሽታ ትሙት በመርዝ የሚያውቅ የለምና። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚከለክለው የሞተችውን ነው። ልትሞት ትንሽ የቀራትን ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ካረዷት፣ በሰው ልብ ውስጥ ሥጋዋ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። የዚህ ቤት ችግር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የሆነው

ጥር 20፣ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። የ12 እና የ9 ዓመት ልጆች ከብት ሲጠብቁ ከሽንኩርት ማሳ ጥግ አራት ጅግራዎች አገኙ። ጅግራ ሰው ስታይ መሬት ለመሬት ሮጣ ታመልጣለች፤ እነዚህ ግን አልሮጡም። ትልቁ ልጅ እንደነገረኝ አንዷ ተጋድማ ነበር፤ ሦስቱ ክንፋቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ግማሽ ጨፍነው ቆመዋል። የአንዷ የጭራ ሥር ላባ በአረንጓዴ ተቅማጥ ተጣብቋል። ልጆቹ በባዶ እጃቸው ሰብስበው በጋቢ ጠቅልለው፣ ደስ ብሏቸው፣ እየሮጡ ወደ ቤት ወሰዷቸው።

የተጋደመችው መንገድ ላይ ሞተች። አባወራው «በክት ናት» ብሎ ከአጥር ውጪ ወረወራት፤ ውሻ በላት። ሦስቱን አረዳቸው። የ17 ዓመቷ ልጅ ጓዳ ውስጥ በፈላ ውሃ እየነከረች ላባቸውን ነጨች፣ በእሳት ለበለበች፣ ሆድ ዕቃቸውን አወጣች። ላባውንና አንጀቱን ዶሮዎቹ በሚጭሩበት ጓሮ ደፋችው። ከዚያ ብልቱን በሳፋ፣ በሎሚና በጨው፣ ውሃውን ሰባት ጊዜ እየለወጠች አጠበች። ያጠበችበት ውሃም ጓሮ ተደፋ።

ያን ዕለት ማታ የ9 ዓመቱ ልጅ «እኔ ነኝ ያገኘኋቸው» ብሎ ጉበቱን ጠየቀ። ከሰል ላይ ጣል ተደርጎ ተሰጠው፤ ውስጡ ገና ቀይ ነበር። በማግስቱ ወጡ ረጅም ሰዓት ተንተክትኮ በሰለ። በርበሬው ለትንሿ ልጅና ለአያቷ ስለሚከብዳቸው ለእነሱ የቲማቲም ፍትፍት ተሠራ። ቲማቲሙ የተከተፈው ሥጋው በተበለተበት መክተፊያና ቢላ ነው። ቢላው ውሃ ፈሰስ ተደርጎበታል፤ ሳሙና አልነካውም።

ወደ ጤና ጣቢያ

ጥር 22 ሲመሽ ትንሿን ልጅ ታቅፈው መጡ። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ቆዳዋ ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም፣ ስታለቅስ እንባ የላትም። ወንድሟ ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበረው። አያቲቱና ታላቅ እህትየዋም ያስቀምጣቸዋል።

ምን እንደበሉ ስጠይቅ እናትየዋ «የበዓል ዶሮ ነው ዶክተር፣ ሌላ ምንም አልቀመስን» አለችኝ። ዶሮዋ ከየት እንደተገዛች ጠየቅሁ። የ9 ዓመቱ ልጅ ከአልጋው ቀና ብሎ «ጅግራ ናት እንጂ! እኔ ነኝ ያገኘኋት» አለ። እናቱ እግሩን በነጠላዋ ሥር ጨበጥ ስታደርገው አየሁ። ወንበሬን አስጠግቼ፣ እኔ የአደን ጉዳይ እንደማይመለከተኝ፣ የልጆቹን ሕመም ለማወቅ ግን ሁሉንም መስማት እንዳለብኝ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልደበቀችኝም።

የሽንኩርት ማሳ ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት ፀረ ተባይ ነው። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚረጩት መድኃኒቶች ሰው ውስጥ ሲገቡ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብባል፣ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ይህም የሚታየው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። አራቱንም በባትሪ አየኋቸው፤ ብሌናቸው ደህና ነው፣ ምራቅም የለም። ሕመሙ የጀመራቸው ከበሉ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል በኋላ ነው። ትኩሳቱና ጊዜው ሲታይ ከወፍ አንጀት ወደሚመጡት እንደ ሳልሞኔላ ወዳሉት ተህዋስያን ያመለክታል።

ለትንሿ ልጅ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ብጥብጥ) በማንኪያ ሌሊቱን ሙሉ ተሰጣት፤ ለ10 ቀን የሚወሰድ ዚንክም ተጨመረላት። ደም ለቀላቀለው ልጅ በመመሪያው መሠረት ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ጀመርን። አያቲቱና ታላቅየዋ ፈሳሽ በመውሰድ ብቻ ዳኑ። አራቱም በሳምንት ውስጥ ቆሙ።

የታላቅየዋ ቀኝ ዓይን ግን ቀልቶ ያነባ ነበር። ጢስ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ስህተት ነበር።

ማን ምን ነካ፣ ማን ምን በላ

በማግስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤቱ ድረስ ሄድን። በአንድ ወረቀት ላይ የቤቱን ሰው ሁሉ ጽፈን፣ ወፎቹን ማን ያዘ፣ ማን ነጨ፣ ማን ጉበት፣ ማን ወጥ፣ ማን ፍትፍት በላ እያልን ጠየቅን። ወረቀቱ ሲሞላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወጥ ብቻ የበላ አንድም ሰው አልታመመም። ጉበት የበላው ታሟል። ፍትፍት የበሉት ሁለቱም ታመዋል። ሆድ ዕቃ ያወጣችው ታማለች፤ እጇን በውሃ ብቻ ተለቃልቃ እንጀራ ቆርሳ እንደነበር አስታወሰች።

ስለዚህ ድስቱ ሥራውን ሠርቷል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። የወፍ ሥጋ ውስጡ ድረስ 74 ዲግሪ ከደረሰ እነዚህ ተህዋስያን ይሞታሉ፤ የወፍ ጉንፋን ቫይረስም እንዲሁ። እየተንተከተከ የሚውል ወጥ ይህን በደንብ ያልፋል። በሽታው ወደ ቤቱ የገባው ከድስቱ በፊት፣ በእጅ፣ በቢላ፣ በመክተፊያና በከሰል ላይ ጉበት በኩል ነው።

እናትየው ይህን ስትሰማ መክተፊያውን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። በቢላ ስንጥቆቹ ውስጥ የደረቀ ደም ነበር።

ላባው የሄደበት

በሰባተኛው ቀን የቤቱ ዶሮዎች ማንቀላፋት ጀመሩ፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል። ከ11 ዶሮ ሰባቱ አለቁ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ እንዳየ «ፈንግል ነው» አለ፤ ኒውካስል የሚባለው የዶሮ በሽታ ማለቱ ነው። ከሞቱት ናሙና ወስዶ ባሕር ዳር ለሚገኘው የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ ላከ፤ ፈንግል ተረጋገጠ፣ የወፍ ጉንፋን ግን አልተገኘም። የልጅቷ ዓይን ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ፈንግል በሰው ላይ የከፋ ነገር ባያመጣም የታመመ ወፍ የነካን ሰው ዓይን ያቀላል፣ ያስለቅሳል፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል።

በሽታውን ያመጡት ጅግራዎቹ ናቸው ብሎ መማል አይቻልም። ፈንግል መንደር ለመንደር ሲዞር የሚኖር በሽታ ነው፤ ላባውንም አንጀቱንም ውሻና ዶሮ ስለጨረሰው ለምርመራ የቀረ ነገር አልነበረም። የእኔ እምነት ግን ምክንያቱ ላባውና እጣቢው ጓሮ መደፋቱ ነው የሚል ነው።

ላባ መንጨት ቀላል ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዘርባጃን፣ ሞተው የተገኙ የዱር ስዋኖችን ላባ ሲነጩ የነበሩ ወጣቶች ኤች ፋይቭ ኤን ዋን በተባለው የወፍ ጉንፋን ተይዘው ከመካከላቸው የሞቱ ነበሩ። የያዛቸው ላባውን ሲነጩ እንደሆነ ነው የሚታመነው። የእኛ ሴቶች በፈላ ውሃ ነክረው መንጨታቸው ከደረቅ መንጨት የተሻለ ነው፤ እርጥብ ላባ አቧራው አይቦንም። መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ፣ ሕፃን አጠገብ መሆኑ ግን ጥቅሙን ያሳጣዋል።

ያደረግነውና የሳትነው

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች እየሰሙ፣ ለባልደረባዬ «የወፍ ጉንፋን እንዳይሆን» አልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ቀበሌውን አዳረሰ። ሰው ዶሮውን ሳይታመምበት በፊት ለመሸጥ ተሽቀዳደመ፤ ቅርጫት ሙሉ ዶሮ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ተጫነ። ከመካከላቸው ፈንግል የያዛቸው ከነበሩ በሽታውን ያሠራጨሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል። ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፦ ዶሮ አይሸጥ፣ አይገዛ፣ ባለሙያ እስኪያይ ባለበት ይቆይ።

ሁለተኛው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን የጠራነው ዶሮዎቹ ሲሞቱ ነው። የጅግራው ወሬ በተሰማበት ሌሊት ደውለን ቢሆን ላባው ይገኝ ነበር።

ወፎቹን የነኩትን ሁሉ ግን ለ10 ቀን በየቀኑ ተከታትለናል፤ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያለበት እንደሆነ ጠየቅን። የታየበት ሰው የለም።

ሦስተኛው ስህተት ትምህርቱ ላይ ነበር። የሥጋ እጣቢ ውሃ ተፈናጥቆ ተህዋስያን ስለሚያሠራጭ ሥጋው ከነጭራሹ አይታጠብ የሚል ምክር በብዙ አገር ይሰጣል። እኛም ይህንኑ ይዘን ሴቶቹን ሰበሰብን። ዝም ብለው አዳመጡን። አንዲት እናት በመጨረሻ «ልጄ፣ ያልታጠበ ዶሮ ለሰው አቅርቤ ምን ብዬ ቤት እመራለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዶሮ እጥበት የባልትና ክብር ነው፤ ይህን ተዉ ብሎ የሚመጣ ሰው አይሰማም።

የቢጫው እርድ ውሃ

በሁለተኛው ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያመጣችው ሐሳብ ነገሩን ለወጠው። አንድ ጤነኛ ዶሮ ተገዛ። በሳፋው ውሃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ቢጫ እርድ ተበጠበጠ፣ መሬቱ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጠፈ። አንዲት እናት እንደ ወትሮዋ፣ ልጇን አዝላ፣ እንድታጥብ ተደረገ። ሎሚውን አሸች፣ ውሃውን አራገፈች፣ ብልቶቹን አንድ በአንድ አነሳች።

ስትጨርስ ሁላችንም አየን። አንሶላው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ እስከ ሁለት ክንድ ርቀት ደርሷል። አጠገቧ የተቀመጠው የቃሪያ ሰሃን ላይ አለ። የነጠላዋ ጥለት ላይ አለ። ያዘለችው ሕፃን ተረከዝ ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ ነበር። እናትየው ዞራ የልጇን እግር ስታይ ያወጣችውን ድምፅ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ እኛ ብዙ መናገር አላስፈለገንም፤ መፍትሔውን እየተቀባበሉ ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ጥሬ የሚበላው ሁሉ ወፉ ከመታረዱ በፊት ይከተፍና ይከደን አሉ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ተራውን መቀየር ብቻ ነው። ከሰጠነው ምክር ሁሉ በብዙ ቤት የጸናውም ይኸው ነው። እጥበቱ ከቤት ውጪ፣ ጎድጎድ ባለ ሳፋ፣ ብልቱን ውሃው ውስጥ እንዳለ በእርጋታ በማሸት ይሁን፤ ልጅ የሚያዝል ሌላ ሰው ይያዝ። እጣቢው፣ ላባውና አንጀቱ ከውሃ ርቆ ውሻ በማይቆፍረው ጉድጓድ ይቀበር።

ስለ ሎሚ ጠየቁን። ሎሚ ሽታ ያጠፋል እንጂ ተህዋስያንን በአስተማማኝ አይገድልም። ቢላና መክተፊያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ከታጠቡ በኋላ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተጨምሮ ቢነከሩ ይበልጥ ይጸዳሉ። በረኪናና ሎሚ ግን አንድ ሳፋ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመን ተናገርን።

ጓንት ለሌለው ሁለት ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ይበቃል ተባለ። ሳሙና ግን ችግር ሆኖ ቆይቷል፤ አንዳንድ ቤት ለልብስ እንጂ ለእጅ አይተርፍም።

በክት የሚለውን ማስፋት

የደከመች ወፍ አትታረድ የሚለውን እኛ ብንናገረው ከምክር አያልፍም ነበር። ስለዚህ ወደ ደብሩ አንድ አባት ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ ማብቂያ ላይ ለሕዝቡ ተናገሩ፦ ልትሞት የምታጣጥርን ወፍ ሮጦ ማረድ ነፍስን ለበሽታ መስጠት ነው፣ እሷን እንደ በክት ቁጠሯት አሉ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አንድ የመስጊድ ሽማግሌ ተመሳሳይ ቃል አስተላልፈዋል።

ለእረኞች ምልክቶቹን በተግባር አሳየናቸው፦ ሰው ሲቀርባት የማትሸሽ፣ ክንፏን የጣለች፣ ዓይኗን የጨፈነች፣ ፊቷ ያበጠ ወይም የጠቆረ፣ አንገቷ የተጠመዘዘ፣ ጭራዋ የተበላሸ፤ በተለይ ብዙ ሆነው አንድ ቦታ የወደቁ። እንዲህ ያለችውን አይነኩም፣ ውሻ ያባርራሉ፣ ለትልቅ ሰው ይናገራሉ። እርሻ ዳር የወደቀች ወፍ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርን፦ ተህዋስያንን እሳት ይገድለዋል፣ የፀረ ተባይ መርዝን ግን የቱንም ያህል ቢቀቅሉት ከሥጋው ይለቃል ብሎ ማመን አይቻልም።

ወፏ ጤነኛ መስላ ስትታረድም ሆዷ ሲከፈት ጉበቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ፣ ወይም ሥጋዋ ያልተለመደ ሽታ ካለው፣ ሁሉም ይቀበር። አንጀት ከተቀደደ ኩስ የነካው ሥጋ ተቆርጦ ይጣል።

ዘንድሮ

በዚህ ዓመት ጥር ወደዚያ ቤት ተመልሼ ነበር። ከቀሩት አራት ዶሮዎች የተፈለፈሉትና አዲስ የተገዙት ቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ወስደዋል። መክተፊያው ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ጫፉ ላይ በቢላ መስቀለኛ ምልክት አለው፣ ለሥጋ ነው። ትልቁ ልጅ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሁለት ጊዜ የደከመ ወፍ አይቶ ለአባቱ ተናግሯል፤ አባትየው በሁለቱም ጊዜ ደውሎልናል።

ጉበት ለልጅ መስጠት አልቀረም። እናትየዋ አሁን ቁሌቱ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ልጁ ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እስኪበስል ይጠብቃል።